ወፍጮ ቤት ያልደረሰው ጥንድ ፓውዛ

ከባለቤቴ ከሳህሌ ጋር በመጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ ሁለት ፓውዛ፣ የመኪና ተጨማሪ የፊት መብራት፣ ውኃ ውስጥ መንከር ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሱቃችን ጀርባ ባለችው ጠባብ ግቢ እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ፓውዛዎቹን ከአሮጌ የመኪና ባትሪ ጋር አገናኝቶ አበራቸው። እኔ ሰማያዊውን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ቀዝቃዛ ውኃ ሞልቼ አጠገቡ አስቀመጥኩ። ጀርባቸው እጅ እስኪፈጅ ጠበቅን። ከዚያ አጠፋቸውና አንዱን ለእኔ ሰጠኝ፣ አንዱን ራሱ ያዘ፤ እኩል ወደ ውኃው አወረድናቸው።

የጋለ ፓውዛ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። ዙሪያውን የያዘው ጎማ ክፍተት ካለው ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ትንሽ ቆይቶ መስታወቱ ከውስጥ ላብ ያወጣል። ከባድ ዝናብ መንገድ ላይ የሚያደርገውን ነገር ሳፋው እዚሁ ያደርገዋል።

"ላብ አለው?" አለኝ። ዓይኑ እየደከመ ስለነበር መስታወት ማየቱን ለእኔ ትቶታል።

"የለውም።"

"በደንብ እይው። አንቺ እኮ ሰው መጠርጠር እንጂ ዕቃ መጠርጠር አትወጂም።"

"አንተን እየጠረጠርኩ አርጅቼ ዕቃ ያቅተኛል?"

ሳቀ። እኔ ፓውዛዎቹን በፎጣ አደረቅኋቸውና ሽቦዎቻቸው እንዳይጠላለፉ ከአሮጌ ሻሼ ላይ ሁለት ቁራጭ ቀድጄ አሰርኩላቸው። ሻሹ ቢጫ ነው፤ አረንጓዴ ቅጠል አለበት። ሳህሌ "ነገ ወፍጮ ቤት አደርሳቸዋለሁ" ብሎ ከኋላ መደርደሪያው ላይ አስቀመጣቸው። ሱቁን ዘግተን ወደ ቤት ሄድን።

በማግስቱ ጠዋት ሸሚዙን እየቆለፈ ደረቱን ያዘ። ቤቴል ወዳለ ክሊኒክ ወሰድነው፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ላኩት። አልተመለሰም።

ዛሬ ሱቅ ውስጥ አልሠራም። ነገር ግን ኮልፌ ውስጥ የሚያውቁኝ ሹፌሮች ታክሲ ስጠብቅ እንኳ አጠገቤ ቆም ይሉና "እትዬ አመለ፣ የትኛውን ፓውዛ ልግዛ?" ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ቆሜ ከማስረዳ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ጀመርኩት። ስጀምረው ግን ስለ ዕቃው ብቻ መጻፍ አልቻልኩም። ያ ጥንድ ፓውዛ የት እንደደረሰም መናገር አለብኝ። እጄ ቀስ ይላል፤ አንባቢ ይታገሠኝ።

ሥራ የጀመርኩት በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለታክሲ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። የብረት ፍርግርግ ያለው መስኮት ነበረኝ። ሹፌሩም መካኒኩም በዚያ መስኮት እየመጣ ፈርሞ ዕቃ ይወስዳል። የግዢ አለቃችን ዕቃ የሚመርጡት በካርቶኑ ነበር። ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥርና የሚያበራ መኪና ሥዕል ካለ "ይኼ ጠንካራ ነው" ይላሉ። ከዚያ ካርቶኑ በሞላ ግምጃ ቤት ይገባል፤ ከዚያ አንድ በአንድ ተቃጥሎ በመስኮቴ ይመለሳል። እኔ ሹፌሮቹን እጠረጥር ነበር። ደህናውን ሸጠው የተቃጠለ የሚያመጡልኝ ይመስለኝ ነበር።

ሳህሌ የዚያው ድርጅት ጋራዥ ኤሌትሪሺያን ነበር። መጀመሪያ ያነጋገረኝ አንድ የተቃጠለ ፓውዛ በመስኮቱ አስገብቶ ነው።

"እህት፣ ይኼን ማን ገዛው?"

"ድርጅቱ።"

"ድርጅቱ እጅ የለውም? ሲገዛ አንስቶ አያየውም?"

ከኪሱ ሌላ ፓውዛ አውጥቶ ሁለቱንም አስያዘኝ። የትኛው እንደሚከብድ ጠየቀኝ። የእሱ ይከብድ ነበር። "ከባዱ ጀርባው ወፍራም አሉሚኒየም ነው፤ ሙቀቱን ያወጣል። ቀላሉ ሙቀቱን ይዞ ራሱን ያበስላል። ሹፌር ሌባ አይደለም፤ ሌባው ካርቶኑ ነው" አለኝ። ሹፌሮቹን እንደምጠረጥር እንዴት እንዳወቀ ኋላ ስጠይቀው "ፊትሽ ላይ ተጽፎ ነበር" አለኝ።

ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። የማስተማር ልማዱ ግን ያናድድ ነበር። መልስ አይሰጥም፤ ዕቃውን እጅ ላይ ያስቀምጥና ይጠብቃል። አንድ ቀን፣ ኋላ በከፈትነው ሱቅ ጠረጴዛ ላይ፣ የበራ ፓውዛ አሳየኝና "እንዴት ነው?" አለኝ። "ዓይን ያጠፋል" አልኩት። ሊመሽ ሲል ወደ ግቢው ወሰደኝና ከአጥሩ ግድግዳ ራቅ አድርጎ አበራው። ብርሃኑ ግማሹ ሰማይ ላይ ተረጨ፣ ግማሹ እግራችን ሥር ፈሰሰ፣ ግድግዳው ላይ የደረሰው እንደ ሻማ ነበር። ሱቅ ውስጥ ደማቅ ያልሆነ ፓውዛ የለም። ፓውዛ የሚለካው በመንገድ ርቀት ላይ ነው። እንደበራ ትቶት ሻይ ይጠጣል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ እንደገና ያየዋል። ሲግል ብርሃኑ የቀነሰበትን ዕቃ ዳግም አይነካውም።

ሌላም ብዙ ነገር ነበረው። ለጉምና ለአቧራ ቢጫ ብርሃን፣ ዝቅ ብሎ የሚታሰር፣ ወደ ጎን የሚዘረጋ። ለሜዳ መንገድ ነጭና ረጅም። ጋቢና አናት ላይ ፓውዛ የሚደረድር ሹፌር ሲመጣ "ሙሽራ ልታመጣ ነው?" ይለዋል፤ ከፍ ብሎ የታሰረ ብርሃን ጉም ላይ ነጭ ግድግዳ ይሠራልና። ከፊት የሚመጣውን ሹፌር የሚያሳውር ፓውዛ እሰርልን ሲሉትም "እሱ ካላየ አንተ ላይ ነው የሚወጣው" ብሎ አቅጣጫውን ወደ መሬት ያወርደዋል። ሽቦው ቀጭን ከሆነ ፓውዛው የፈለገ ቢያምር አይገዛም። ቀጭን ሽቦ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ከዚያ ይቀልጣል፣ ከዚያ መኪና ያቃጥላል። መከላከያዎቹ ፊውዝና ሪሌ ሳይኖሩ በቀጥታ ከባትሪ አገናኝልኝ የሚል ሰው ከመጣ ገንዘቡን እንኳ ሳያይ ይመልሰዋል።

ድርጅቱ ሲፈርስ ተጋብተን ነበር። ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ ሱቅ ተከራየን። እሱ ይመርጣል፣ ይገጥማል፤ እኔ እሸጣለሁ፣ ከነጋዴ ጋር እከራከራለሁ። ከመርካቶ ዕቃ የሚያመጡልን ሰዎች እኔን አይወዱኝም ነበር። ካርቶኑን እከፍታለሁ፣ ብሎኑን በካቻቪቴ እሞክራለሁ፣ ጎማውን በጥፍሬ እጫነዋለሁ። አንዱ ነጋዴ "እትዬ፣ ሲያገቡም እንዲህ ፈትሸው ነው?" ሲለኝ ሳህሌ ከውስጥ ሆኖ "ሦስት ዓመት ነው ያስጠበቀችኝ" አለው።

ያኔ የሙቀቱንና የውኃውን ፈተና ያለፈ ፓውዛ ለእኛ ጥሩ ፓውዛ ነበር። እንደዚያ አይደለም። ያስተማረን ጌታሁን ነው።

ጌታሁን ከኮልፌ ልጆች አንዱ ነው፤ ከደቡብ ምዕራብ ቡና የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። በሳህሌ የተመረጠ፣ በሳህሌ እጅ የታሰረ ጥንድ ፓውዛ ይዞ ሄደ። ፒስታ መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ውሎ፣ ጉም በሞላበት ጠመዝማዛ ላይ ሁለቱም ፓውዛ አንድ ላይ ጠፋ። መኪናው ከመንገድ ወጣ። ጌታሁን ዳሌው ተሰበረ።

ሳህሌ ሆስፒታል ሊጠይቀው ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። ጌታሁን ይጮኽብናል፣ ይከሰናል ብዬ ነበር የሄድኩት፤ የምመልስለትንም አዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን "ጋሽ ሳህሌ፣ ያንን የመኪናዬን ፓውዛ አስመጥተው ይክፈቱት፤ ምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ" ብቻ አለ። ሳህሌ ከፈተው። ውኃ አልገባበትም፣ አልተቃጠለም። ሽቦው ከውስጥ የተበየደበት ቦታ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች። ሁለተኛውም እንዲሁ። መንቀጥቀጡ ነው የሰነጠቀው። ሳህሌ ያን ሰሞን ምግብ አልበላም። "ሙቀቱን ሞከርኩ፣ ውኃውን ሞከርኩ፣ መንገዱን ግን አልሞከርኩም" እያለ ይመላለስ ነበር።

ጌታሁን ከዚያ በኋላ ከባድ መኪና መንዳት አልቻለም። እያነከሰ የእናቱን ወፍጮ ቤት ያዘ። አንድ ቀን ሱቃችን መጣና በሩ ላይ ቆሞ "ጋሽ ሳህሌ፣ ከዚህ ወፍጮ የባሰ መንገድ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። ለምን እዚያ አያስሯቸውም?" አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቃችን ውስጥ የሚሸጥ ፓውዛ ሁሉ በበርበሬው ወፍጮ የብረት እግር ላይ በብሎን ታስሮ፣ እንደበራ፣ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይንቀጠቀጣል። የጠፋ ይወድቃል። ያለፈው አቧራውን ተጠርጎ ወደ ሱቅ ይመለሳል፤ ግን በጀርባው ክንፎች መካከል የገባው በርበሬ ተጠርጎ አያልቅም። ሹፌሮች የእኛን ፓውዛ አሽትተው ሲያስነጥሱ ያኔ ነው እውነተኛ መሆኑን የሚያምኑት።

ቀዩ ነጠብጣብ የመጣውም በዚያው ነው። ለእህቴ ልጅ ሠርግ ገዝቼ አንዴ ተቀብቼ የተውኩት የጥፍር ቀለም ነበረኝ። ሳህሌ ከወፍጮ የተመለሰውን ፓውዛ ታችኛው ብሎን ላይ በእሱ አንዲት ነጥብ ያስቀምጣል። ነጥቧ ግማሿ ብሎኑ ላይ፣ ግማሿ አካሉ ላይ ነው። አንድ ሰው ፓውዛውን ከፍቶ ውስጡን ቢቀይረው ብሎኑ ሲዞር ነጥቧ ለሁለት ትሰነጠቃለች። ሹፌሮች ይህን ሁሉ አያውቁም። "የሳህሌ ቀይ" ብለው ይጠይቃሉ፣ ገዝተው ይሄዳሉ።

ሳህሌ ሲሞት ሰው ሁሉ ለቅሶ መጣ። እኔ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ የሚመጣውን ፊት አያለሁ። ከልቡ የሚያለቅሰውን፣ ሱቁን አስቦ የሚያለቅሰውን፣ እለያለሁ ብዬ ነበር። የሳህሌ ታናሽ ወንድም ብርሃኑ ድንኳኑ ሳይፈርስ "እትዬ፣ ሱቁን ምን ልታደርጊው አሰብሽ?" አለኝ። ደሜ ፈላ። ከአርባው በኋላ ግን ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ሱቁ ስገባ በርጩማው ባዶ ነው፤ መቀመጥ አልቻልኩም። ብርሃኑ ከዚያ በፊት የሞባይል ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ ነጋዴ ነው፣ ሰው አይበድልም። ዕቃውን ቆጥሬ ከነመደርደሪያው ለእሱ አስረክቤ ቤቴ ገባሁ። የሥራ ዘመኔ በዚህ አለቀ ብዬ ነበር።

ሙላት የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የጎጃም መስመር ሹፌር ነው፤ ወደዚያ ሲሚንቶ ይወስዳል፣ ከዚያ እህል ያመጣል። በሬን ሲያንኳኳ አንድ ፓውዛ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል።

"እትዬ አመለ፣ ነፍስ ይማር። እርስዎን ማስቸገር አልነበረብኝም። ግን የጋሽ ሳህሌ ዕቃ ከድቶኝ አያውቅም።"

"ምን ሆነ?"

"አባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ፣ በዝናብ፣ በጉም፣ ጠፋብኝ። ከፊቴ የሚሄድ አውቶቡስ ኖሮ የኋላ መብራቱን እያየሁ ባልወርድ አልቆልኝ ነበር። ሌላኛውም ይርገበገባል።" ጋዜጣውን ፈታው። "ቀይ አለው። ይዩት።"

ቀይ አለው። ግን ነጥቧ ያረፈችው ብሎኑ አናት መሐል ላይ ነው። አካሉን አልነካችም። ሳህሌ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የናፍጣና የጭቃ ሽታ ነው ያለው፤ በርበሬ የለውም።

"ከማን ገዛኸው?"

"ከሱቃችሁ ነዋ! ከጋሽ ብርሃኑ።"

ሙላትንም ቢሆን አላመንኩትም። ሌላ ቦታ ርካሽ ገዝቶ፣ ነጥብ አስቀብቶ፣ ካሳ ሊጠይቅ የመጣ ሊሆን ይችላል ብዬ ነበር። ፊቴ ላይ ተጽፎ መሆን አለበት፤ "እትዬ፣ ገንዘብ አልጠየቅሁም። ነገ ጠዋት ጭኜ እወጣለሁ፤ በምን እንደምወጣ ነው የጠየቅሁት" አለኝ።

እንዲህ ያለ ቀይ ይዘው የሚወጡ ሌሎችም ሹፌሮች አሉ ማለት ነው። ሰዎቹ ቁልቁለት ላይ የሚታመኑት በዓይናቸው ሳይሆን በሟች ባሌ ስም ነው። ከሙላት ጋር ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወፍጮ ቤት ነው። እውነቱን ለመናገር የጠረጠርኩት ጌታሁንን ነበር። ነጥቧን ያውቃታል። ብዙ የእኛ ፓውዛ በእጁ አልፏል። ዳሌውም የተሰበረው በእኛ ዕቃ ነው። ሰው ቂሙን ስንት ዓመት ይዞ መቆየት እንደሚችል አላውቅም። ጌታሁን በርበሬ በቀባው ፊቱ ከቋቱ ኋላ ብቅ አለ።

"እትዬ አመለ! ዛሬ ምን እግር ጣለዎት? ሽሮ ነው በርበሬ?"

"ሳህሌ ከሞተ ወዲህ እዚህ የታሰረ ፓውዛ አለ?"

"ማን ያስራል?" አለ። ወደ ወፍጮው እግር ጠቆመኝ። የማሰሪያው ቀዳዳዎች ባዶ ናቸው፤ በርበሬ ሞልቶባቸዋል። "ብርሃኑ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሳይመጣ ሲቀር እርስዎ ቤት ውስጥ የሚሞክሩበት ነገር አገኙ መሰለኝ። እኔማ ተቀየሙኝ ብዬ ነበር።"

"በምን?"

"ለቅሶ ላይ አንድ ቃል አላናገሩኝም።"

እውነት ነው። አላናገርኩትም። ያኔም ጠርጥሬው ነበር። ሙላት የያዘውን ፓውዛ ሲያይ ግን ተቀብሎ አገላበጠውና "ይኼ እዚህ አልገባም" አለ። "ከዚህ የወጣ እንዲህ ንጹሕ አይሆንም።"

ከዚያ የሙላትን መኪና ለማየት ወደ ቆመበት ሄድን። ሁለተኛው ፓውዛ ከፊት መከላከያው ላይ ታስሯል። ሙላት ሞተሩን ሲያስነሳ መብራቱ ይርገበገባል፣ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ሽቦው በየት እንደሄደ ለማየት ጎንበስ አልኩ። ገጣሚው ትርፉን ሽቦ ጠቅልሎ በአንዲት ቁራጭ ጨርቅ አስሮታል። ጨርቋ በጭቃ ጠቁራለች። በጣቴ ጠረግሁት። ቢጫ ነው። አረንጓዴ ቅጠል አለበት።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሙላት ደንግጦ "እትዬ፣ ውኃ ላምጣልዎት?" አለ። ሌላ ሰው የሠራው ማታለያ አልነበረም። ከመርካቶ የገባ የውሸት ዕቃ አልነበረም። እኔና ሳህሌ እኩል ውኃ ውስጥ ያወረድነው ጥንድ ነው። ነገ ወፍጮ ቤት አደርሳቸዋለሁ ያለው። ነገ አልደረሰም።

ወደ ሱቁ ስገባ ብርሃኑ ደንበኛ እያስተናገደ ነበር። እስኪጨርስ ቆምኩ። ደንበኛው ሲወጣ ፓውዛውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

"ይኼን ነጥብ ማን ቀባው?"

"እኔ ነኝ" አለ። አልደበቀም። "ምነው?"

"ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?"

"የሳህሌ ምልክት ነዋ! የሱቁ። እትዬ፣ ሰዉ ሲገባ ቀይ አለው ወይ ነው የሚለው። ከኋላ መደርደሪያው ላይ ወንድሜ ጨርቅ አስሮ ያስቀመጠው ጥንድ አገኘሁ፤ ነጥቡን ብቻ ረስቶታል ብዬ ቀባሁለት።"

"ረስቶ አይደለም።"

"ታዲያ?"

ከበር የቆመው ጌታሁን፣ እያነከሰ ተከትሎኝ መጥቶ ኖሮ፣ "ወፍጮ ላይ አልዋሉም ነበራ" አለ።

ብርሃኑ ሁለታችንንም አየን። "የቱ ወፍጮ?"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ብርሃኑ አንድም ቀን ወፍጮ ቤት ሄዶ አያውቅም። ዓርብ ዓርብ መጥቶ ሻይ ሲጠጣ የሚያየው ወንድሙ የጥፍር ቀለም ይዞ ነጥብ ሲያስቀምጥ ነው። ከዚያ በፊት ምን እንደተደረገ እኔም ሳህሌም ነግረነው አናውቅም። ዕቃውን ቆጥሬ ሳስረክበው መደርደሪያውን፣ ባትሪውን፣ ሳፋውን እንኳ አስረክቤዋለሁ። ወፍጮውን ግን ማንም አላስረከበውም።

"ስንት ቀባህ?" አልኩት።

"ያለውን ሁሉ።" መሳቢያውን ከፍቶ አዲስ የጥፍር ቀለም አሳየኝ፤ የእኔው አልቆ ሌላ ገዝቷል፣ ቀለሙ እንዲመሳሰል ሁለት ሱቅ ዞሯል። "ስሙ እንዳይጠፋ ብዬ ነው። እውነቴን ነው የምልሽ እትዬ፣ በልቼበት አይደለም። ስሙ እንዳይጠፋ ብዬ ነው።" ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ሰው ተጎዳ?"

"እስካሁን አልሰማሁም።"

ሌባ ብየው ለመውጣት ነበር የመጣሁት። አፌ ላይ ነበር። ግን ሳህሌ በዚያ መስኮት ያለኝ ትዝ አለኝ፤ ሹፌር ሌባ አይደለም ያለው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እሱ ዕቃ ሲጠረጥር እኔ ሰው ስጠረጥር ኖሬያለሁ። አሁን ፊቴ የቆመው ሰው ወንድሙን የቀበረ ሰው ነው፤ እኔ መጠርጠር ያለብኝ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ነው።

"ስልክህን አውጣ" አልኩት። "ከአንተ ለገዙ ሁሉ ደውል። እዚህ ድረስ አምጡ በላቸው። የሚከፈተውን እንከፍታለን፣ የሚታሰረውን እናስራለን።"

"ባይመጡስ?"

"ሳህሌ ነው የሚጠራችሁ በላቸው።"

ሙላት በዚያ ሳምንት አልወጣም፤ ጭነቱን ለሌላ ሰጠ። ሁለተኛውን ፓውዛ ፈትተን ከመኪናው አውርደን ጌታሁን ወፍጮ እግር ላይ አሰረው። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፣ በርበሬው አያቋርጥም። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ መብራቱን አያለሁ። ጠዋት ላይ መርገብገብ ጀመረ። ምሳ ሳይደርስ ጠፋ። ጌታሁን ሞተሩን ሳያቆም በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ አልተመለሰም። ፈትተን ስንከፍተው ከብየዳው ላይ ያቺው ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች።

ሳህሌ ቢኖር ቅዳሜ ዕለት ይኼን አይቶ "ይኼስ አይሆንም" ብሎ ወደ ጥግ ይጥለው ነበር። ቀይ አያገኝም ነበር። ሰው በስሙ የታመነው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ያን ቀን በዓይኔ አየሁ፤ እሱ ግን አላየውም። ነክረን ጥሩ ነው ያልነው ነገር መጥፎ ነበር፤ መጥፎነቱን የሚያውቀው ግን ወፍጮው ብቻ ነበር።

ሰዎቹ መጡ። አብዛኞቹ። ቆሼ የሚመላለሱ የቆሻሻ መኪና ሹፌሮች ሳይቀሩ ፓውዛቸውን ፈትተው አመጡ። አንዳንዱ አለፈ፤ ብዙው ወደቀ። ብርሃኑ የወደቀውን እየቀየረ ሰጠ፤ ገንዘቡ ከእኔም ከእሱም ወጣ፣ ስለዚያ አልጽፍም። ሁለት ሹፌሮች እስከ ዛሬ ስልክ አያነሱም። መንገድ ላይ ናቸው ብዬ ነው የማስበው። ስለ እነሱ የሚያውቅ ካለ ኮልፌ፣ ጌታሁን ወፍጮ ቤት ይንገረን።

አዲሱን የጥፍር ቀለም ከብርሃኑ ተቀብዬ ጣልኩት። አሮጌው ጠርሙስ ባዶውን እኔ ዘንድ አለ።

አሁን ማክሰኞና ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ጌታሁን ወፍጮ ቤት በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ብርሃኑ ከሱቅ ያመጣውን ፓውዛ፣ ወይም ሹፌር ራሱ የገዛውን፣ ጌታሁን ያስራል፣ እኔ አያለሁ። ቀኑን ሳይጠፋ የዋለውን ለባለቤቱ በእጁ እሰጠዋለሁ፤ ውሏል እለዋለሁ። ያልዋለውን አልዋለም እለዋለሁ። ነጥብ አልቀባም።